የክዳን ክብደት

«የኔ በአንድ ሊትር አርባ ትሄዳለች።»
«የኔ አርባ አምስት!» «ያንቺማ ትበራለች!»
ይህ ነው የባጃጅ ተራው የዘወትር ወግ፣
ከፖስታ ቤት ማዶ፣ ከግንቡ ጥላ ጥግ።
ቤንዚን የተወደደ ቀን ምላስ ይረክሳል፤
ባዶ ታንከር ይዞ ሁሉም ሺህ ይነዳል።

«እንግዲያው እንለካ» አለ ሸምሱ አንድ ቀን።
እኔን ጠሩኝ፣ አስካለን፣ የላብራቶሪዋን፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተማሪ ያስተማርኩ
በብልቃጥ ያለን ውሃ እንዴት እንደሚለኩ፦
«ጎንበስ በል፣ ልጄ፣ ከጎን ቀጥ ብለህ እይ፤
ከታች ሆነህ አታሳንስ፣ አታብዛ ሆነህ ከላይ።»

«ታንከሩን እስከ አፉ እንሞላለን» አሉ፣
«ስንመለስ ሞልተን፣ የጎደለው ያ ነው።»
ሳቅሁ። የትኛው አፍ?
ባጃጅ ዘመም ሲል ታንከሩም ይዘማል፣
አየር ከጉሮሮው ዘግይቶ ይወጣል፤
ደግሞ የአዳማን ቀትር ማን ያጣዋል?
ቤንዚንም እንደ ሰው ሲሞቀው ይሰፋል፣
ያልቆጠበውን ሰው ቆጠበ ያሰኛል።
«ክብደት ነው» አልኳቸው፣ «ክብደት ሙቀት አያውቅም።»
ሚዛን ተበደርኩኝ ከወርቅ ሠሪው ኬርዓለም፤
ሲሰጠኝ ዓይኑ ቀረ፣ ጥርሱን እንዳመመው።

ለእያንዳንዱ ባጃጅ አንድ አንድ ሃይላንድ፣
ባለ ሁለት ሊትር፣ አንጠልጥለን በገመድ፣
ቤንዚኑን ከዚያ ብቻ እንዲጠጣ አደረግን።
ሸምሱ እንደ ሸንበቆ፣ ደቻሳ እንደ በርሜል።
ደቻሳን መዘንን። ሳቀ። መቶ ሁለት።
የሌሎቹን ጉድለት ሞላን በሽንኩርት።
ጎማ በአንድ ሰው እጅ፣ በአንድ መለኪያ ነፋን፤
ቁልቁለት ላይ ሞተር ያጠፋ ውጭ ነው አልን።
«ነፋሱስ?» አለኝ አንዱ፣ ጋራው ላይ እያየ፣
ነጫጭ ክንፎች ሲዞሩ፣ አንዱ ሲያርፍ፣ አንዱ ሲቀድም።
«ደርሶ መልስ ነው። ሲሄድ የገፋ ሲመለስ ይይዛል፤
ብድሩን ሁሉ ባይከፍል፣ ለሁሉም ያው ይደርሳል።»

እስከ መልካሳ፣ እስከ አዋሽ ድልድይ፣ አብረው ተነሡ።
እኔ ሚዛኑን በካርቶን ከልዬ ተቀመጥኩ፤
ነፋስም እጅ አለው፣ ሳህን ይጫናል።

መጡ። አቧራ ቅንድባቸውን አንጥቶት።
ደቻሳ የጨረሰው ሰባት መቶ ሰባ።
ሌሎቹ ሁለቱ ከእሱ ብዙም አይርቁ።
ሸምሱ ሰባት መቶ አርባ።
ኪሩቤል፣ የእህቴ ልጅ፣ እኔው ያሳደግኩት፣
ሰባት መቶ ሠላሳ ዘጠኝ።

አንድ ግራም! አንዲት የባቄላ ፍሬ!
ጥሩምባው ሁሉ ጮኸ፤ ሽልማቱን፣ አዲሱን ጎማ፣
ባንገቱ አጠለቁለት። እየዘለለ ዞረ።

ያኔ ነው ዓይኔ የሄደው ወደ ጠረጴዛው ጥግ።
ጧት ስመዝን ክዳኑን ከሁሉም ፈትቼ
እዚያ ደርድሬው ነበር፣ ሰማያዊ፣ በተራ።
ቆጠርኩ። አራት።
ደግሜ ቆጠርኩ።
አምስተኛው ኪሩቤል ሃይላንድ አናት ላይ
እንደ ቆብ ጉብ ብሏል። እንዳይፈስ ብሎ ነው፤
ሲመለስ ገጠመው፣ ተንኮልም የለበት።
እኔ ነኝ ያላየሁ። እኔ ነኝ ከነክዳኑ የመዘንኩት።

ለብቻው መዘንኩት። ሁለት ግራም።

ማንም አላየኝም፤ ሰው ሁሉ ጎማው ጋ ነው።
ያቺ ሁለት ግራም ሆዴ ውስጥ ገብታ
ሁለት ኩንታል ሆነች።
«ተሳስቻለሁ» አልኩ። ድምፄ ስላልወጣ
እንደገና አልኩት። «ከላይ ሆኜ አየሁ።»

ጎማው ካንገት ወጣ፣ ወደ ሸምሱ ሄደ፤
ሸምሱም አልዘለለም፣ ተቀብሎ ቆመ።

ማታ ቤቴ ያደረሰኝ ያው ኪሩቤል ነው።
መንገዱን ሙሉ ዝም። በር ላይ ስወርድ ግን
እጁን ዘረጋ። «ሂሳብ።»
ከኔ ተቀብሎ አያውቅም፣ ከተወለደ ጀምሮ።
አሥር ብር ሰጠሁት። ስምንት ነው።
ኪሱን ዳበሰና ሁለት ባለ አንድ ብር ሳንቲም
መዳፌ ላይ አኖረ፣ አንድ፣ ቀጥሎ አንድ፣
ቀስ ብሎ፣ ሳህኑ እንዳይወዛወዝ።